የኤቬኖር ጎሚስታ ከነበረበት

ማናጓ ውስጥ በማድሮኞ ታክሲ ማኅበር የሠራ ሹፌር ሁሉ ኤርሜሊንዳ ኦባንዶን በመልክ ከማወቁ በፊት በድምፅ ያውቃታል። እኔም ማኅበሩ ውስጥ ስገባ መጀመሪያ የተዋወቅኩት ከድምፅዋ ጋር ነው። እሷን ራሷን ያየኋት ከብዙ ጊዜ በኋላ፣ የመኪናዬ ሬዲዮ ተበላሽቶ ቢሮ ይዤው ስሄድ ነበር። ድምፅዋ ወፍራምና ረጋ ያለ ስለሆነ ግዙፍ ሴት ጠብቄ ነበር። ያገኘኋት ግን አጭር፣ ቀጭን፣ መነጽሯን በክር አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች፣ እግሯ ወለሉን ስለማይነካ ከጠረጴዛው ሥር የለስላሳ ሣጥን ደፍታ የምትረግጥ ሴት ናት።

"ዐሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነህ?" አለችኝ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

"እንዴት አወቅሽ?"

"ከትናንት ጀምሮ ዝም ያልከኝ አንተ ብቻ ነህ።"

ሥራዋ ከደንበኛ ስልክ ተቀብሎ ለእኛ በሬዲዮ ማስተላለፍ ነው። ቀላል ይመስላል። በእኛ ከተማ ግን ቤቱ ቁጥር፣ መንገዱም ስም የለውም፤ ቢኖረውም የሚጠቀምበት የለም። ሰው ያለበትን የሚናገረው ከሚታወቅ ነገር ተነስቶ ነው፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ሁለት ቅያስ ወደ ሐይቁ፣ አንድ ወደ ላይ። ላይ የምንለው ፀሐይ የምትወጣበትን፣ ታች የምንለው የምትጠልቅበትን ነው። የሚታወቀው ነገር ደግሞ የግድ በቦታው ያለ መሆን የለበትም። ከተማውን ድሮ ባፈረሰው የመሬት መንቀጥቀጥ የወደመ ሲኒማ ቤት አለ፤ ዛሬም "ሲኒማው ከነበረበት" ይባላል። የተቆረጠ ዛፍ፣ የከሰረ የበረዶ ፋብሪካ፣ ወደ ሌላ አገር የሄደ የጥርስ ሐኪም፣ ሁሉም ቦታቸውን እንደያዙ ናቸው። ሲኒማውን በዓይኑ ያላየ የሃያ ዓመት ሹፌር ሳይሳሳት ይደርሳል። ኤርሜሊንዳ የእነዚህን ሁሉ ስም በዚያ በረጋ ድምፅ እየጠራች ስንት ዘመን እንደተቀመጠች እሷም በትክክል አታስታውሰውም።

ባሏ ኤቬኖር ጎሚስታ ነበር። ሱቁ ከማኅበራችን ቢሮ ብዙም አይርቅም፤ ሦስት መንገድ የሚገናኝበት ማዕዘን ላይ፣ ግማሹን መሬት ቀብሮ ነጭ ቀለም የቀባው ትልቅ የትራክተር ጎማ ቆሞበታል። የማኅበሩ መኪናዎች በሙሉ ጎማቸውን የሚያስነፉት እዚያ ነው። ኤቬኖር ቀልደኛ ሰው አልነበረም፤ ወሬም አያበዛም። ካላማዳርያውን የውሃ ገንዳ ውስጥ ነክሮ አረፋው ከየት እንደሚወጣ ሲያይ፣ አጠገቡ የቆመው ሹፌርም አብሮት ዝም ብሎ ያያል። ሱቁ ውስጥ ትንሽ ሬዲዮ ነበረው፤ የሙዚቃ ሳይሆን የእኛው ዓይነት መገናኛ ነው፤ ከተጋጨች መኪና የወጣ። ቀኑን ሙሉ ክፍት ነው። አይናገርበትም፤ ያዳምጥበታል። ምሳ ሰዓት ሲደርስ ኤርሜሊንዳ "ለሁሉም መኪና፣ ዐሥር ደቂቃ የለሁም" ትላለች። ኤቬኖር ይህን ሲሰማ እጁን ታጥቦ ሩዝና ባቄላውን ያሞቃል። እሷ ስትደርስ ሳህኑ ቀርቦ ይጠብቃታል።

የዚያ ሰፈር አድራሻ ሁሉ የሚነሳው ከእሱ ማዕዘን ነበር። "ከኤቬኖር ጎሚስታ አንድ ወደ ሐይቁ።" "ከኤቬኖር ጎሚስታ ሁለት ወደ ታች፣ አረንጓዴ በር።" ኤርሜሊንዳ የባሏን ስም በቀን ስንት ጊዜ እንደምትጠራ ቻቫሪያ የሚባል ነባር ሹፌራችን ይቀልድባት ነበር። "እኔ የሚስቴን ስም ይህን ያህል ብጠራ እስካሁን ትታኝ ትሄድ ነበር" ይላታል በሬዲዮ። እሷም "አሁንም ያልሄደችው መኪናህ ስለማትነሳላት ነው" ትለዋለች።

ኤቬኖር የሞተው በየካቲት ወር፣ አንድ ጠዋት ላይ ነው። የጭነት መኪና ጎማ ሊፈታ ክሪኩን አስገብቶ እንደተንበረከከ አልተነሳም። ባለ መኪናው መጀመሪያ ቸርኬውን የሚመረምር መስሎት ዝም ብሎት ነበር። ቀብሩ ላይ መኪናዎቻችንን አሰልፈን ሄድን። ለሟች የሚጸለየው የዘጠኝ ቀን ጸሎት ሳያልቅ ኤርሜሊንዳ ሥራ ገባች። እኔ ባለቤቴን ከቀበርኩ ዓመታት አልፈዋል፤ እንዲህ ባለ ጊዜ የሚባል ነገር እንደሌለ አውቃለሁ። በፌስታል የተቋጠረ ቀዝቃዛ የካካዋ መጠጥ ገዝቼ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጥኩላት። ጥጉን በጥርሷ ቀድዳ፣ ጠጥታ ጨረሰችና ፌስታሉን አጣጥፋ ቅርጫት ውስጥ ጣለች። ከዚያ ስልኩ ጮኸ።

ደዋዩ ከዚያው ሰፈር ነው። "ከኤቬኖር ጎሚስታ..." ብሎ ጀመረና አስታወሰ መሰለኝ፣ አቆመ። "ማለቴ... ይቅርታ ዶኛ ኤርሜሊንዳ።"

"ምንም አይደል። የት ነው የምትፈልገው?"

ነገራት። እሷ ማይኩን አነሳች። ከዚያ እንዲህ አለች፤ "ሠላሳ ሁለት፣ ከውሃ ታንከሩ አራት ቅያስ ወደ ታች፣ ሦስት ወደ ሐይቁ።"

ሠላሳ ሁለት ቻቫሪያ ነው። "ከውሃ ታንከሩ?" አለ። "ዶኛ፣ በዚያ በኩል ከሆነማ በገበያው ሁሉ ልዞር ነው። ለምን ከ..." ሬዲዮው ትንሽ ተንጫጫ። "እሺ፣ ከታንከሩ" አለ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁልጊዜ ከታንከሩ ሆነ። ታንከሩ ረጅም ነው፤ ከሩቅ ይታያል፤ ግን ለዚያ ሰፈር የሚቀርብ አይደለም። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቃትም። አዲስ የገቡ ሹፌሮች ሲያጉረመርሙ ነባሮቹ በግል ስልክ ደውለው "ዝም ብለህ ዙር" ይሏቸዋል። የባሏን ስም በሬዲዮ ከጠራች "ከነበረበት" ማለቷ አይቀርም፤ ሱቁ ተዘግቷላ። ያቺን አንዲት ቃል ላለማለት ነው መላው ማኅበር ገበያውን ሲዞር የከረመው። አላለቀሰችም፤ አልከሳችም፤ ሥራም አላጓደለችም። ምሳ ሰዓት ግን "ዐሥር ደቂቃ የለሁም" ማለቱን ተወች፤ ቶርቲያ የምንለውን የበቆሎ ቂጣና አይብ ጠቅልላ ይዛ እየመጣች እዚያው ማይኩ አጠገብ ትበላ ጀመር።

ሱቁን የኤቬኖር ወንድም አከራየው። ፋርማሲ ሆነ፤ "ላ ቤንዲሲዮን" ይባላል፤ በረከት እንደማለት ነው። ፋርማሲስቱ ጨዋ ሰው ነው። የትራክተሩን ጎማ አላስነሳውም፤ አረንጓዴ ቀብቶ ውስጡ አበባ ተከለበት።

ስለ አፑ ወሬ የተጀመረውም በዚያው ዓመት ነው። የማኅበራችን ደንበኛ እየቀነሰ ሄዶ ነበር። ወጣቱ ሁሉ ስልኩን ነካ ያደርግና የማያውቀው ሰው የማያውቀው መኪና ይዞለት ይመጣል። እኛ ደግሞ ባዶ መኪና ይዘን ጥሩምባ እየነፋን እንዞራለን። የማኅበሩ ሊቀ መንበር ዶን ፊሌሞን ስብሰባ ጠራ። ግቢው ውስጥ ከማንጎው ዛፍ ሥር፣ ወንበር ያገኘ በወንበር፣ ያላገኘ በጎማ ላይ ተቀመጥን።

"የራሳችን አፕ ይኖረናል" አለ ዶን ፊሌሞን። "ደንበኛው ካርታው ላይ ያለበትን ይነካል፣ ስልካችሁ ይነግራችኋል። ሬዲዮው ይቀራል።"

"ይነግረናል? ማን ነው የሚነግረን?" አለ ቻቫሪያ።

"ስልኩ።"

"ስልኬ ሚስቴ ስትደውል እንኳ አይነግረኝም።"

"እሱ ስልኩ አይደለም፣ አንተ ነህ የማታነሳው" አለው አንዱ ከኋላ፤ ሰው ሁሉ ሳቀ።

"እኔ የምለው" አለ ቻቫሪያ፣ ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቆ፣ "ማሽኑ ሲኒማው የት እንደነበረ ያውቃል?"

"እንነግረዋለን። ልጅቷ መጥታ ትሞላዋለች።"

"ለማሽን ስለሞተ ሲኒማ ሊነገረው ነው! እኔ ልጆቼም አይሰሙኝ።"

ሁላችንም ወደ ኤርሜሊንዳ አየን። ሬዲዮው ከቀረ የምትቀረው እሷ ናት። እሷ ከተቃወመች ግማሹ ሹፌር አብሯት እንደሚቃወም ዶን ፊሌሞንም ያውቃል፤ ላብ ላብ ብሎት ነበር። ቢሮው በር ላይ ቆማ የሬዲዮውን ድምፅ በአንድ ጆሮዋ እያዳመጠች ነበር።

"ዶኛ ኤርሜሊንዳ፣ እርስዎስ ምን ይላሉ?"

"ይግባ" አለች።

"እንዴት ይግባ?"

"አፑ ይግባ ነው የምለው።" እጇን አነሳች፤ ገና ድምፅ ስጡ ሳይባል። ከዚያ ስልክ ጮኸና ወደ ውስጥ ገባች። የእሷን እጅ ያየ ሁሉ እጁን አነሳ። ቻቫሪያ ብቻ አላነሳም፤ ማንጎ ይልጥ ነበር።

ማታ መኪናዬን ላቆም ስመጣ ቢሮውን ስትቆልፍ አገኘኋት።

"የራስሽን ወንበር ነው እኮ ድምፅ የሰጠሽበት" አልኳት።

"የስልክ አቤቱታ መቀበያ ላይ ያደርጉኛል። ፊሌሞን ነግሮኛል።"

"ይሻልሻል?"

ቁልፉን ሁለቴ አዞረችና በሩን ገፋ አድርጋ ሞከረችው። "ስልኩ ስም አይጠራም" አለች። "ነጥብ ነው የሚያሳየው።"

ቁልፉን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ታንከሩን ለመተው ፈልጋ እንደሆነ ገባኝ። ስም የማይጠራበት ሥራ ከመጣላት፣ መዞሩም ይቀራል፣ ያቺም ቃል ሳትባል ትቀራለች።

ልጅቷ የመጣችው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ስካርሌት ትባላለች፤ ላፕቶፗን በጨርቅ ከረጢት ይዛ በአውቶቡስ ትመጣለች። ትሑት ናት፤ ሥራዋንም ታውቃለች። ከኤርሜሊንዳ ጎን ተቀምጣ ካርታውን ሰፋ እያደረገች ሰፈር በሰፈር ትጠይቃታለች፣ ኤርሜሊንዳም ትነግራታለች። አንዳንዱን ቦታ ስካርሌት ራሷ ከእናቷ ሰምታ ታውቀዋለች፤ "እዚህ ጋ አይደል ሰርከሱ ይተከል የነበረው?" ስትል ኤርሜሊንዳ ፈገግ ትላለች። ደስ ብሏቸው ይሠሩ ነበር። እኔ ጎማ እስኪቀየርልኝ እየጠበቅኩ፣ በር ላይ ተቀምጬ የተጠበሰ ሙዝ እበላ ነበር።

"ይኼ ማዕዘንስ?" አለች ስካርሌት። "ፋርማሲ ላ ቤንዲሲዮን ይላል።"

"አዎ።"

"ሰው በዚሁ ነው የሚጠራው? ወይስ የድሮ ስም አለው?"

ኤርሜሊንዳ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። ቀና ብዬ አየኋት። እሷ እኔን አላየችኝም።

"የለውም" አለች።

"ምንም?"

"ፋርማሲ በይው።"

ስካርሌት ጻፈችና ወደሚቀጥለው አለፈች። እኔም ሙዜን ጨረስኩ።

አፑ ሥራ ጀመረ። እውነቱን ለመናገር መጥፎ አልነበረም። ደንበኛው መኪናዋ የት እንደደረሰች ስለሚያይ በየደቂቃው እየደወለ አይጨቀጭቅም። ማታ ከሥራ የሚወጡ ሴቶች የሚሄዱበትን ለእናታቸው ይልካሉ። እኛም ባዶ መዞር ቀነሰልን፤ ከአንድ መንገደኛ ሌላው ቅርብ ነው። ዊልመር የሚባለው ማሳያ ከምትባል ከተማ የመጣ ወጣት ሹፌር ከተማውን ሳያውቅ ከሁላችን በላይ ይሠራ ነበር። ስልኩ "ግራ ታጠፍ" ሲለው ይታጠፋል። ሬዲዮው እስከ ወሩ መጨረሻ እንዲቆይ ተወስኖ ስለነበር ጠረጴዛው ላይ አለ፤ ግን አብዛኛውን ቀን ዝም ነው። ኤርሜሊንዳ አጠገቡ ተቀምጣ የረሱትን ጃንጥላና ቦርሳ የሚያፈላልጉ ደንበኞችን ታናግራለች። ታንከሩን አንድም ጊዜ አልጠራችም።

እንዲህ እያለ አንድ ጠዋት ላይ ዶን ቺሎ መኪና ጠራ። ሽማግሌ ነው፤ የኩላሊት እጥበት አለው፤ ሐኪም ቤት የሚሄደው ከእኛ ጋር ነው። ቀድሞ ስልክ ደውሎ "እኔ ነኝ" ካለ ይበቃ ነበር። አሁን ምራቱ አፑን ጫነችለት። ቤታቸው ውስጥ ካርታው ነጥቡን አንዴ ወንዙ ማዶ፣ አንዴ ጎረቤት ጣሪያ ላይ ስለሚያደርገው፣ ምራቱ "አባባ፣ አድራሻውን ይንገሩኝና ልጻፈው" አለችው። ሽማግሌው ዕድሜውን ሙሉ እንደሚለው ነገራት፤ ከኤቬኖር ጎሚስታ ሁለት ወደ ሐይቁ፣ ግማሽ ወደ ላይ። ምራቱም እንደነገራት ጻፈች። ማሽኑ በዚያ ስም የሚያውቀው ቦታ የለውም። "ጎሚስታ" የሚለውን ብቻ ይዞ ፈለገ፤ አገኘም፤ በሰሜን መውጫ መንገድ ላይ። መኪናም ላከ።

እኔ ይህን ሁሉ ያወቅኩት በኋላ ነው። ያን ጊዜ ሁለት ሴቶችና አንድ ቅርጫት ዶሮ ጭኜ ከከተማው ሌላ ጫፍ ነበርኩ። ሬዲዮው ድንገት ተነፈሰ።

"ቢሮ፣ ቢሮ" አለ የዊልመር ድምፅ። "ደንበኛው ስልክ አያነሳም። ጎሚስታው ጋ ደርሻለሁ። እዚህ ያለው ሰውዬ ግን ኤቬኖር አይደለሁም ይላል።"

ከኋላው አንድ ሰው ሲጮህ ተሰማ።

"ማርቪን ነኝ ነው የሚለው" አለ ዊልመር። "ኤቬኖር የሚባል ሠራተኛም የለኝም እያለ ነው። ተናድዷል።"

"የደንበኛው ስም ማን ይላል?" የኤርሜሊንዳ ድምፅ ነው። እንደ ድሮው የረጋ ነው።

"ቺሎ።"

"ከዚያ ተመለስ ልጄ። ሌላ መኪና እልካለሁ።"

እንደተረዳሁት ዶን ቺሎም በዚያው ደቂቃ ቢሮው ስልክ ላይ ነበር፤ ምራቱ ሥራ ሄዳለች፣ እሱ በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል፣ ተራው ያልፈዋል። ኤርሜሊንዳ ሬዲዮውን ይዛ "ለሁሉም መኪና" አለች። ይህን ከሰማን ሳምንታት አልፈው ነበር። "ሐይቁ በኩል ባዶ ማን አለ? ለሐኪም ቤት ነው።"

ጠዋት ስለነበር ሁሉም ጭኗል። አንድ ድምፅ ብቻ መለሰ።

"ሠላሳ ሁለት አለ" አለ ቻቫሪያ። "ስለ ማሽኑ ግን አትጠይቂኝ፤ ስልኬን አጥፍቼ ኪሴ ውስጥ አስቀምጬዋለሁ። በአፍሽ ንገሪኝ።"

"ከውሃ ታንከሩ..." ብላ ጀመረች።

"ታንከሩ በኩል ለቧንቧ ተቆፍሯል። ትናንት ራሴ ገብቼበት ተመለስኩ።"

"እሺ። ከፋርማሲው ሁለት ወደ ሐይቁ፣ ግማሽ ወደ ላይ።"

"ከየትኛው ፋርማሲ?"

"ላ ቤንዲሲዮን።"

"ሊንዳ፣ ከዚህ እስከ ገበያው ሦስት ላ ቤንዲሲዮን አለ። በዚህ ከተማ በረከት ያልተባለ የኔ መኪና ብቻ ነው። የትኛው?"

መኪናዬን ዳር አስያዝኩ። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። ከኋላ ያለችው ሴትዮ "ምን ሆንክ አንተ? ዶሮዎቹ በሙቀት ሊያልቁብኝ ነው" አለችኝ። "አንድ ጊዜ እናቴ" አልኳት። ሬዲዮው ክፍት ነበር፤ የቢሮው ማራገቢያ ሲዞር ይሰማል። ሌላው መኪና ሁሉ እንደኔ እያዳመጠ እንደነበር አውቃለሁ፤ ማንም አልገባበትም።

"የኤቬኖር ጎሚስታ ከነበረበት" አለች ኤርሜሊንዳ። "ሁለት ወደ ሐይቁ፣ ግማሽ ወደ ላይ። ዶን ቺሎ በር ላይ ቆሟል። በሩ ሰማያዊ ነው።"

ቻቫሪያ አልቀለደም። "ገባኝ" አለ። "አሁን እደርሳለሁ።"

"አመሰግናለሁ፣ ሠላሳ ሁለት።"

ሴቶቹን አደረስኩ። ዶሮዎቹም ደህና ነበሩ። ዶን ቺሎ ተራው አልፎት ነርሷ ትንሽ ተቆጣችው፤ ቢሆንም ከሰዓት አስገብተውት ማታ ደህና ቤቱ ገባ። ምሳ ሰዓት ላይ ቢሮ ሄድኩ። ኤርሜሊንዳ ቶርቲያዋን እየበላች ነበር። ድምፅዋን ሰምቻለሁ፤ ፊቷ ምን እንደሚመስል ለማየት ነው የሄድኩት ብል ውሸት አይሆንም። ምንም አይመስልም። አይብ ቆረሰችና ሰጠችኝ።

"ደረሰ?" አልኳት።

"ደረሰ።"

"ቻቫሪያ ምን አለ?"

"ነዳጅ ሙሉልኝ አለ።"

በላን። ስልኩ ጮኸ፤ መነጽሩን መኪና ውስጥ የረሳ ሰው ነው። ካናገረችው በኋላ ስካርሌት ጋ ደወለች።

"ስካርሌት፣ ያቺ ማዕዘን..." አለች። "የቷ? ፋርማሲ ያልኩሽ... አዎ። የድሮ ስም አላት።" ትንሽ አዳመጠች። "የኤቬኖር ጎሚስታ የነበረበት። ... አይ፣ ፋርማሲውንም ተይው፤ ሰውዬው ምን አጠፋ። ሁለቱንም አድርጊው። ግን የሚወጣው ይኼኛው ይሁን። ... ባሌ ነው። ... አይ፣ ምንም አይደል። እሺ የኔ ልጅ።"

ስልኩን አስቀመጠችና እጇን በወረቀት ጠረገች።

የወሩ መጨረሻ ላይ ሬዲዮውን ሊነቅሉ ሰዎች መጡ። ማይኩን ትወስጂዋለሽ ወይ ብለው ሲጠይቋት ምን አደርገዋለሁ አለች። ዶን ፊሌሞን ኬክ አስገዝቶ ነበር፤ በፕላስቲክ ሳህን በላንና ወደየሥራችን ሄድን። በማግስቱም በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጣ ስልክ ትመልስ ነበር፤ እግሯም በለስላሳው ሣጥን ላይ።

ከዚያ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ዝናቡ በኃይል ጣለ፤ መንገዱ ወንዝ ሆነ። ቤቷ ለእግር ቅርብ ነው፤ ከማዕዘኑ ትንሽ አለፍ ብሎ ነው። ቢሆንም "ላድርስሽ" አልኳት። በነፃ እንዳይሆን ብላ ስልኳን አውጥታ ራሷ በአፑ ጠራችኝ፤ ፊት ለፊቷ ቆሜ ስልኬ ጮኸ። ከኋላ ሳይሆን ከፊት ገብታ ተቀመጠች። ቦርሳዋን ጉልበቷ ላይ አደረገች።

ስልኩ መንገዱን መናገር ጀመረ። ድምፁ የሴት ነው፤ ከየትኛው አገር እንደሆነች አይታወቅም፤ ቃሉን ሁሉ እኩል እኩል አድርጋ ነው የምትጠራው። ቀኝ ታጠፍ አለች፤ ታጠፍኩ። ዝናቡን የመስታወት መጥረጊያው አልቻለውም። ኤርሜሊንዳ በጎኗ መስኮት ታያለች፤ በጉም የተሸፈነ መስታወት ነው፤ የሚታይም አልነበረም።

"መድረሻዎ ላይ ደርሰዋል" አለ ስልኩ። "የኤቬኖር ጎሚስታ የነበረበት።"

ስሙን አበላሽታ ነው የጠራችው፤ በመሃል ያለውን ድምፅ ጎትታ። እጄን ሰድጄ ድምፁን ልቀንሰው ስል ኤርሜሊንዳ እጄን ያዘችው።

"ተወው" አለች።

ስልኩ ሰው እስካልወረደ ድረስ ይደግማል። ደገመው። እኛም ተቀምጠን ሰማነው። የፋርማሲው መብራት በርቶ ነበር፤ አረንጓዴው ጎማ ውስጥ ውሃ ሞልቶ አበባው ተኝቷል።

"እዚሁ ልውረድ" አለች። "ፓናዶል እገዛለሁ።"

"ጃንጥላ ያዢ።"

"ሁለት እርምጃ ናት።"

ወርዳ በሩን ቀስ አድርጋ ዘጋችው። የኔ መኪና በር ደግሞ ቀስ ተብሎ አይዘጋም፤ ሁሉም ያውቃል። ዝናቡ ውስጥ ቆማ አየችው፣ መልሳ ከፈተችውና በኃይል ዘጋችው። ከዚያ ፋርማሲው ገባች።